ቀዝቃዛ ሞተር፣ ፍጥነት ዜሮ

ሰፈራችን ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ሰው የለም። ትልቁም ትንሹም «ጋሽ ጆሮ» ነው የሚለኝ። ስድብ እንዳይመስላችሁ፣ ማዕረግ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር በነበርኩበት ዘመን የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፌ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጥና «ሁለተኛው ሲሊንደር ነው የሚያነክሰው» ካልኩ አለቀ፤ ሁለተኛው ነው። መካኒኮች ሞተር ከመፍታታቸው በፊት «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ጋሽ ጆሮ ይስማው» ይሉ ነበር። እኔም ሆዬ ደረቴን ነፍቼ እሰማ ነበር።

አሁን አልሰማም። ይኸው ተናገርኩት፣ ተገላገልኩት።

መጀመሪያ የጠፋብኝ ቀጫጭኑ ድምፅ ነው። የበር ደወል፣ የማንቆርቆሪያ ፉጨት፣ የሴት ድምፅ። ወፍራም ወፍራሙ ቀስ ብሎ ተከተለው። ባለቤቴ በሕይወት እያለች ነገሩ ገብቷት፣ ሳልጠይቃት ሁሉን ነገር ደጋግማ ትነግረኝ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ግን ሰው ሁሉ የሚያጉተመትም ሆነብኝ። «ምን ያንሾካሽካችኋል? አፋችሁን ከፍታችሁ አውሩ እንጂ!» እያልኩ ቤተሰቡን መቆጣት ጀመርኩ። ጥፋቱ የእነሱ እንዲመስል ነው እንግዲህ።

ለምን ደበቅከው ብትሉኝ፣ በቁልፉ ምክንያት ነው። ልጄ የመንገድ ቀያሽ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከከተማ ውጪ ይውልና ቅዳሜ ይመጣል፣ እሁድ ከሰዓት ይመለሳል። አንድ ቅዳሜ ምሳ እየበላን «አባዬ፣ እንግዲህ ዓይንህ ወይ ጆሮህ ከደከመ የመኪናዋን ቁልፍ ለእኔ ታስረክበኛለህ፣ እሺ? ሰው ላይ አደጋ ከመድረሱ በፊት» አለኝ። «ጆሮ? የማን ጆሮ? የእኔን ነው የምትለው?» ብዬ ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ። በዚያ ቀን ነው ነገሩን ሆዴ ውስጥ የቀበርኩት። ያችን መኪና ከወሰዱብኝ እኔ ምን ሆኜ እቀራለሁ? በር ላይ ወንበር አውጥቶ አላፊ አግዳሚውን የሚቆጥር ሽማግሌ፣ ሌላ ምን።

መኪናዋ ትንሽ የቤት መኪና ናት። ዳሽቦርዷ ላይ የፍጥነት፣ የነዳጅና የሙቀት መለኪያ አለ። ሞተሩ ምን ያህል እንደሚዞር የሚያሳየው መለኪያ ግን የላትም፤ ርካሽ ሞዴል ስለሆነች ፋብሪካው ነፍጓታል። እኔ ስገዛት ለዚያ ደንታም አልነበረኝ። የሞተርን ዙር በመርፌ የሚያውቅ ሹፌር ሹፌር ነው ወይ? እል ነበር።

ከእኔ ሌላ የምትነዳት ምራቴ ናት። ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ማልዳ ነው የምትወጣው። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው በቅርቡ ነው። ጠዋት ጠዋት መኪናዋን የማሞቅላት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ በእኛ ጊዜ ያልሞቀ ሞተር አይነዳም ነበርና ነው። ከእሷ ቀድሜ እነሳለሁ፣ አስነሳለሁ፣ ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ሙልት እስኪል ድረስ ነዳጁን እረግጣለሁ፣ እዚያው ላይ አቆየዋለሁ። ምራቴ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከበሩ ብቅ ስትል፣ መዳፏን ወደ መሬት ዘርግታ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ታደርግልኛለች። «አይልፉ አባባ፣ ይበቃል» ማለቷ ነው እልና፣ እኔም እጄን አውለብልቤላት አንዴ ደገም አድርጌ እረግጣለሁ። ከዚያ ወርጄ በሩን እይዝላታለሁ፤ የሞቀች መኪና ውስጥ ትገባለች። በዚህ ነገር እንዴት እኮራ እንደነበር!

ታዲያ አንድ ጠዋት ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር ምልክት ቦግ አለች። በዚያው ቀን የሰፈራችን ታክሲ ነጂ መስኮቴ ላይ ተደግፎ፣ «ጋሽ ጆሮ፣ መኪናዋ ማሳል ከጀመረች ሰነበተች አይደል?» አለኝ። የእሱ ድምፅ ወፍራም ነው፣ ይሰማኛል።

እኔ ምንም ሳል አልሰማሁም። ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሰምቼዋለሁ እኮ! ዝም ብዬ እየተከታተልኩት ነው» አልኩት።

«እኔም አልኩ!» አለና ሳቀ። «ከጋሽ ጆሮ አምልጦ ነው? ለእርስዎ ስለ ሞተር ማን ደፍሮ ይናገራል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ወይ ይሉኝታ! ሰፈሩ ሁሉ የመኪናዬን ሳል ሰምቶ፣ እኔን ለማክበር ብሎ አፉን ዘግቶ ከርሟል። እኔ ደግሞ እንዳላፍር ብዬ ማንንም አልጠይቅም።

ቤት ገብቼ ያን የጥንቱን ካቻቢቴ ከመሳቢያ አወጣሁ። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ። አገጬ ተንቀጠቀጠ፣ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ድምፅ የሚባል ግን የለም። ሌላኛውን ጆሮ ሞከርኩ፣ ያው ነው። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ጋራዥ ልውሰዳት እንዳልል፣ ጋራዥ ያሉት ሁሉ ያውቁኛል፤ ገና ስደርስ «እስቲ ራስዎ ይስሙትና ይንገሩን» ነው የሚሉኝ።

ደግሞስ አንድ ነገር ሲበላሽ ያበላሸው ሰው መኖር አለበት። እኔ አይደለሁም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር አቅፌ የኖርኩ ሰው ነኝ። ታዲያ ማን ቀረ?

በዚያው ምሽት ራት ላይ «አንቺ» አልኳት ምራቴን፣ «ነዳጅ ትረግጫለሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። «ይሆናል አባባ። ከእንግዲህ እጠነቀቃለሁ» አለች።

«መኪናዋ እስክትመረመር ቁልፉ እኔ ጋ ይቀመጣል።»

«እሺ አባባ።»

ከማግሥቱ ጀምሮ በጨለማ ወጥታ አውቶቡስ መጠበቅ ጀመረች። አላጉረመረመችም፣ ፊቷን አላጠቆረችብኝም። ይሄ ደግሞ ይባስ አንጀቴን አቃጠለው። ንጹሕ ብትሆን ኖሮ እንዲህ ጭጭ ትላለች? አልኩ ለራሴ። መመርመሪያ ልገዛ የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው። ጆሮ የማይፈልግ፣ በዓይን ብቻ የሚነበብ፣ እሷንም እጅ ከፍንጅ የሚያስይዝልኝ።

መለዋወጫ ሱቅ የሄድኩት ከሰፈራችን ርቄ ነው። ጋሽ ጆሮ የሞተር መመርመሪያ ሲገዛ ታየ ከተባለማ አለቀልኝ። ዕድሌ ጠማማ ነውና ሻጯ ድምፀ ቀጭን ልጅ ሆና አረፈችው። የመኪናዬን ዓይነትና የተሠራችበትን ዘመን ነገርኳት። ሦስት ነገር አውጥታ መደርደሪያው ላይ ደረደረችልኝና፣ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ሌላ ዕቃ እየፈለገች ማስረዳት ጀመረች። ጀርባዋን እያየሁ «አዎ፣ አዎ» እላለሁ።

አንደኛው አውራ ጣት የምታክል ነገር ናት፤ የሚታየውን ሁሉ ወደ ስልክ ነው የምትልከው። እሷን ገፋ አደረግኳት። ስልኬ ላይ ምንም ነገር ማስገባት ሲኖርብኝ ምራቴን ነው የምለምነው፤ ልከሳት ለተነሳሁት ነገር ደግሞ እሷኑ ልለምን? ሁለተኛውና ሦስተኛው እንደ ስልክ የሚበራ የራሳቸው መስታወትና ገመድ አላቸው፤ ልዩነታቸው አልገባኝም። «ይሄና ይሄ ምን ይለያቸዋል?» ስላት ዞራ አንድ ነገር ተናገረች። «እ?» አልኳት። ደገመችው። «እ?» አልኩ እንደገና። ከኋላዬ ወረፋ የያዘው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ትከሻው በሳቅ ሲነቃነቅ በሱቁ መስታወት አየሁት።

ልጅቷ የካርቶን ክዳን ቀደደችና በትልልቅ ፊደል ጻፈችልኝ። «ይሄ የጥፋቱን ቁጥር አንብቦ ያጠፋል፣ በቃ። ያኛው ግን ጥፋቱ የደረሰበትን ቅጽበት ይይዛል፤ ሞተሩ ስንት ይዞር እንደነበር፣ ሙቀቱን፣ የመኪናዋን ፍጥነት። ሞተሩ እየሠራም ያሳያል።»

እንደ ሕፃን በጽሑፍ ተነገረኝ። ፊቴ ፍም ሆነ። «መነጽሬን ረስቼ ነው እኮ ያልሰማሁሽ» አልኳት። ምን እንዳልኩ የገባኝ መንገድ ላይ ነው፤ ብቻዬን ቆሜ ግንባሬን መታሁ። ግን ሦስተኛውን ገዝቻለሁ። ያን ቅጽበት የሚይዘውን! ማን እንደረገጣት፣ የት እንደረገጣት ይነግረኛል። ያፈርኩትን እፍረት ሁሉ በዚያ ደስታ ዋጥኩት።

ቅዳሜ ልጄ እንደመጣ ግቢው ውስጥ ችሎት ዘረጋሁ። ታክሲ ነጂውንም በምስክርነት ጠራሁት። ምራቴ እጇን እያደራረቀች ከኩሽና ወጥታ ከፊት ለፊቴ ቆመች። መመርመሪያውን ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ላይ ሰካሁት። ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፈትኩ። መስታወቱ በራ፣ ከመኪናዋ ጋር ተገናኘ፣ ጥቂት አሰበና ቁጥሩን አወጣው። ሦስተኛው ሲሊንደር አልፎ አልፎ እሳት አይይዝም።

«ሦስተኛው!» ብዬ ጮህኩ።

«አላልኩም? ጋሽ ጆሮ እኮ ቀድመው ሰምተውታል!» አለ ታክሲ ነጂው ለልጄ። እኔም አልተቃወምኩም። ወይ የእኔ ነገር።

«ቆይ፣ ዋናው ገና ነው» አልኩና ቅጽበቱን የሚያሳየውን ገጽ ከፈትኩ። ቀና ብዬ ምራቴን አየኋት። ከዚያ እንደ ዳኛ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ።

«የሞተር ዙር፣ ከአምስት ሺህ በላይ! ሰማሽ? ይሄ ሞተር ነው እንጂ ወፍጮ አይደለም! በሰላም አገር ማን ነው እንዲህ የሚረግጠው?»

አንገቷን ደፋች። ልጄ «ይሄን ያህል?» ብሎ ወደ እሷ ዞረ። ደሜ ሞቀ፣ ቀጠልኩ።

«የሞተር ሙቀት...» አልኩ። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ሞተር ሙቀት ነው። «ሙቀት፣ ቀዝቃዛ» አልኩ። «የመኪና ፍጥነት...»

ዜሮ።

አነበብኩት እንጂ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። መኪናዋ ቆማለች። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። አንድ ሰው ቀዝቃዛ ሞተር አስነስቶ፣ ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ እግሩን ጭኖባታል። ምራቴ እኮ ያችን መኪና ጠዋት ቀዝቅዛ አግኝታት አታውቅም። እኔ ነኝ አሙቄ የማስረክባት፤ በየቀኑ፣ በገዛ እጄ፣ በሩን ይዤ።

ክው አልኩ። መመርመሪያው እጄ ውስጥ ከበደኝ። ታክሲ ነጂውን አየሁት፤ የጫማውን ጫፍ ያያል። እሱም ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ይሰማል እኮ። ሳያውቅ የቀረው ልጄ ብቻ ነው፤ እሱ ቤት በሚያድርበት ቀን እሷ ሥራ የለባትም፣ እኔም መኪና አላሞቅም።

«ዜሮ ማለት ቆማ ነው?» አለ ልጄ፣ ጎንበስ ብሎ መስታወቱን እያየ። «ቀዝቅዛ፣ ቆማ... ማን ነው እንዲህ ያደረጋት? አባዬ?»

ቁልፉ መኪናዋ ላይ እንደተሰካ ነው፤ እጄ ሄዶ ጨበጠው።

«እኔ ነኝ» አለች ምራቴ። ለባሏ ነው የምትመልሰው፣ ፊቷ ግን ወደ እኔ ነው፤ ከንፈሯን አጥርታ፣ ድምፁን ከሆዷ አውጥታ። «አንድ ቀን አባባ ሳይነሱ ቸኩዬ እኔው አስነሳኋት። አላወቅኩበትም፣ ዝም ብዬ ረገጥኩ።»

ዓይኗን እያየሁ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣብኝ። ይቺ ልጅ ሁልጊዜ ፊት ለፊቴ ቆማ ነው የምታናግረኝ። ከሌላ ክፍል ጠርታኝ አታውቅም። ከኋላዬ መጥታ ስታናግረኝም መጀመሪያ ትከሻዬን ትነካለች። ታውቃለች። ከመጀመሪያውም ታውቃለች፤ ለባሏ እንኳ አልነገረችም።

እኔስ ምን አልኩ? እውነቱን ተናገርኩ? አይ! ኩምሽሽ ብዬ መሪውን እያየሁ «እንግዲህ... አላልኳችሁም?» አልኩ። ከአፌ የወጣው ይሄ ነው።

ልጄ ተቆጣት። ብዙም አይደለም፣ ግን በሰው ፊት ተቆጣት። «ስንት ጊዜ ነው ረጋ በይ የምልሽ? ቁልፉ አባዬ ጋ ይቆይ» አለ። እሷ «እሺ» ብላ ወደ ኩሽና ተመለሰች። ታክሲ ነጂው «በሉ ደህና ዋሉ» አለኝና ሳያየኝ ወጣ። ብቻዬን መኪናዋ ውስጥ ቀረሁ። መመርመሪያው «ላጥፋው?» ይለኛል። ጥፋቱንም፣ የያዘውን ቅጽበትም ጠራርጎ ሊያጠፋልኝ። ግራ ቀኝ አየሁና ተጫንኩት። ቢጫዋ መብራት ድርግም አለች። እንደ ሌባ በሯን እንኳ በቀስታ ነው የዘጋሁት።

ምሳ አልበላሁም። ራትም ለይስሙላ ነው የቀመስኩት። ምራቴ ሳህኔ ላይ ስትጨምርልኝ እጇን ማየት አቃተኝ። የልጄን ሚስት፣ በቤቴ ያለችን ልጅ፣ ለገዛ ጥፋቴ በአደባባይ አስደበደብኳት ማለት እኮ ነው። በምላስም ቢሆን ዱላ ዱላ ነው።

እሁድ ረፋዱ ላይ ልጄ የመልስ ትኬት ሊቆርጥ ሲወጣ እሷም አብራው ገበያ ወጣች። ብቻዬን ስሆን፣ ይሄ ሞኝ ልቤ እንደገና ተስፋ ማድረግ ጀመረ። ምናልባት ዕቃው ተሳስቶ ቢሆንስ? ኤሌክትሮኒክ አይደል? ወጣሁ፣ መመርመሪያውን ሰካሁ፣ ሞተሩ እየሠራ የሚያሳየውን ገጽ ከፈትኩ። ከዚያ እንደ ወትሮዬ አስነሳሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ሙልት እስኪል፣ ልክ «አዎ፣ እንዲህ ነው የሞተር ድምፅ» እስከምልበት ድረስ ቀስ አድርጌ ረገጥኩ። እዚያ ላይ አቆየሁት። ዓይኔን ገለጥኩ።

አምስት ሺህን አልፏል። ያው ነው። ቢጫዋ መብራትም እያየኋት ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

እግሬን አነሳሁ። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ አንድ ሺህ ግድም ላይ ረጋ። የጤነኛ ሞተር ዙር እዚያ ላይ ነው። እኔ ግን ምንም አልሰማሁም። የጠፋች መስሎኝ ቁልፉን ልጠመዝዝ ነበር። ለካስ ይሄን ሁሉ ጊዜ የሞተሩን ድምፅ የምፈልገው በእግሬ ነው።

ቀና ስል ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሰገነቷ ላይ ቆማለች። አዲስ የተወለደ የልጅ ልጇን አቅፋ፣ በመዳፏ የሕፃኑን ጆሮ ደፍናለች። ሳያት መዳፏን ቶሎ አነሳችና ፈገግ ብላ እጅ ነሳችኝ። ከማንም ስድብ ይልቅ ያች ፈገግታ ናት የገደለችኝ።

ሞተሩን አጥፍቼ ወደ አጥሯ ተጠጋሁ። ወርዳ መጣች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኳት።

አንድ ነገር ተናገረች። በእድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጎረቤት ፊት ቆሜ «ድገሚልኝ እባክሽ፣ አልሰማሁሽም» አልኩ።

ደነገጠች። ከዚያ ጠጋ ብላ ጮክ አለች። «ኧረ ምንም አይደል ጋሼ! ምራትዎ እኮ መጥታ ይቅርታ ጠይቃናለች። ቤት ለቤት ነው የዞረችው። 'ለእኔ ብለው ነው የሚያሞቁት፣ እኔ ነኝ ያስቸገርኳቸው፣ እባካችሁ ለእሳቸው አትንገሯቸው' ብላ። እኛም ለእሷ ብለን ቻልነው።»

ቤት ለቤት! እኔ አውቶቡስ ስትጠብቅ «ላንቺ ይብላኝ» ሳልላት፣ እሷ በእኔ ፈንታ ደጅ ለደጅ ዞራ እየለመነች ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ልብስ ሰፊዋ «ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» ሳትለኝ አልቀረችም፤ ከንፈሯ እንደዚያ ይላል።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ሻንጣውን ይዞ ሊወጣ ሲል በር ድረስ ተከተልኩት። አሁን ካልተናገርኩ ሳምንቱን ሙሉ ይቺ ልጅ በጨለማ አውቶቡስ ልትጠብቅ ነው። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ያዝኩ። ምራቴ ባሏን ልትሸኝ ከጎኑ ቆማለች። መንገዱ ላይ ሰው አለ፤ ታክሲ ነጂው መኪናውን ያጥባል፣ ልብስ ሰፊዋ ሰገነቷ ላይ ናት። ስለዚህ ወደ ልጄ ጆሮ ተጠጋሁና፣ ማንም እንዳይሰማን፣ በሹክሹክታ ጀመርኩ።

«ጆሮዬ አይሰማም» አልኩት። «ከሄደ ቆይቷል። መኪናዋን የጎዳኋት እኔ ነኝ። ስለማልሰማት እረግጣታለሁ። ትናንት ሚስትህ የዋሸችው ለእኔ ብላ ነው፤ እኔም እያወቅኩ ዝም አልኩ። ጥፋቱንም ከመመርመሪያው ላይ አጠፋሁት። ቁልፌን እንዳትወስድብኝ ፈርቼ ነው ልጄ...»

ልጄ ራሱን ወደ ኋላ ሸሸት አደረገ፣ ጆሮው እንደታመመ ሰው። ያን ጊዜ ነው ዙሪያዬን ያየሁት። ታክሲ ነጂው ስፖንጁን እንደያዘ ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ይዛለች። ከማዶ ያለው ሱቅ በር ላይ ሰዎች ወጥተዋል። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ወደ እኔ ያያል።

ሹክሹክታ መስሎኝ ነበር። ለካ እየጮህኩ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሰማኝ።

ምራቴ ባሏን አልፋ ፊት ለፊቴ መጥታ ቆመች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። መዳፏን ወደ መሬት ዘረጋችና ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረገችው። ጠዋት ጠዋት ከበሩ ላይ ሆና የምታሳየኝ ያው ምልክት ነው። አንድም ቀን «አይልፉ» ብላኝ አታውቅም። «ዝቅ ያድርጉት አባባ» ነው ስትለኝ የከረመችው፤ እኔ እጄን እያውለበለብኩ ጨምሬ የምረግጥባት።

ቁልፉን በሌላኛው እጇ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩላት።

ከዚያ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ምን ያህል ዝቅ እንዳልኩ አላውቅም፤ እጇ እስኪቆም ድረስ ዝቅ አልኩ። ሲቆም «ይቅር በይኝ ልጄ» አልኳት። እሷ ሰምታኛለች፣ ራሷን ነቅንቃለች። እኔ ግን አልሰማሁትም።